ከሰርቨሩ በፊት ሁለተኛው ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ ላይ በውሃ ሀብት፣ በአየር ንብረትና በአፈር ጥናት የምንሠራ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችና ወጣት መምህራን ነን። ሁላችንም ለየብቻችን በፓይተንና በአር የፕሮግራም ቋንቋዎች ስክሪፕት እንጽፋለን፤ አንዳንዶቻችን ጋ ከቀድሞ ተመራማሪዎች የተወረሰ የፎርትራን ኮድም አለ። ኮድ ለመጋራት ብለን የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈትን ዓመት ሊሞላን ነው፤ 140 አባላት አሉን። ፋይል የሚለጥፉት ግን ሦስት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የተለጠፈውም ሌላው ሰው ጋ አይሠራም። ገንዘብ አዋጥተን ሰርቨር ገዝተን ድረ ገጽ ብንሠራ ይሻላል? አባላት ኮዳቸውን እንዲያካፍሉ ማስገደድስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ሰርቨሩን አትግዙ፤ ማስገደዱንም እርሱት። ሁለቱም ሐሳቦች የመጡት ችግሩ የማስቀመጫ ቦታ ማጣት ወይም የአባላት ንፉግነት ነው ከሚል ግምት ነው። የጥያቄያችሁ ቁም ነገር ግን በመሐል ሹልክ ብላ ያለፈችው ዓረፍተ ነገር ናት፦ «የተለጠፈውም ሌላው ሰው ጋ አይሠራም»። ሌላ ሰው ጋ የማይሠራ ኮድ ተለጠፈ እንጂ ተጋራ አይባልም። ይህ ሳይፈታ ድረ ገጽ ብትሠሩ የማይሠሩ ፋይሎች ያማረ መጋዘን ይኖራችኋል፤ ብታስገድዱ ደግሞ መጋዘኑ ቶሎ ይሞላል።

140 የሚለው ቁጥርም አያዘናጋችሁ። ቴሌግራም ግሩፕ መግባት ምንም አያስከፍልም፣ መውጣት ደግሞ ይሉኝታ አለበት፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝም ብሎ ያድጋል። መቁጠር ያለባችሁ አንድን ኮድ ከጻፈው ሰው ውጭ ስንት ሰው ለራሱ ሥራ እንደተጠቀመበት ነው። በዚህ ሚዛን አንድ ኮድ በጋራ የሚጠቀሙ አራት ሰዎች ከእናንተ ግሩፕ ይበልጣሉ።

ኮድ መጋራት ከድረ ገጽ የቀደመ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሎስ አንጀለስ አካባቢ የነበሩ የአይቢኤም 704 ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ሼር የሚባለውን ቡድን ያቋቋሙት፣ እያንዳንዱ ድርጅት ያንኑ መሠረታዊ ፕሮግራም ደግሞ ደጋግሞ ሲጽፍ መኖሩ ስላሰለቻቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ኔትሊብ ደግሞ የሒሳብ ኮዶችን በኢሜይል ያድል ነበር፦ የምትፈልጉትን ኮድ ስም ጽፋችሁ ስትልኩ ማሽኑ ኮዱን መልሶ ይልክላችኋል። ሰው የሚፈልገው አስተማማኝ ኮድና ምን ምን እንዳለ የሚናገር ማውጫ ስለነበረው በዚያ ዘመን ስልክ መስመር እንኳ ሠርቷል።

ታዲያ ሰዉ ለምን አያካፍልም? ስስት ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያስረዳው። አንዱ ምክንያት እፍረት ነው፦ ሌሊት ለራሱ ብሎ የጻፈውን፣ የተለዋዋጮቹ ስም ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3 የሆነ ስክሪፕት 140 ሰው ፊት ማስጣት ማንም አይወድም። ሌላው «አንዴ ከለጠፍኩ ጥያቄው ሁሉ እኔ ላይ ይወርዳል» የሚል ስጋት ነው፤ ይህ ስጋት ደግሞ እውነት ነው፣ ዛሬ ባላችሁ አሠራር በትክክል የሚሆነው ይኸው ነው። ቴሲሱን ሳያቀርብ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው የሚፈራም አለ። በእናንተ ሙያ ከሁሉ የሚከብደው ግን ኮዱ ከዳታው ጋር ተጣብቆ መገኘቱ ነው። ኮዱ ያለ ዳታው አይንቀሳቀስም፤ ዳታው ደግሞ በደብዳቤ ተጠይቆ ለአንድ ጥናት የተሰጠ ነው፣ አሳልፎ የመስጠት መብት የላችሁም። ማስገደድ ከእነዚህ አንዱንም አይነካም።

ስለ ሰርቨሩ ባጭሩ። ወጪው የሚጀምረው ከተገዛ በኋላ ነው፦ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ዩፒኤስ፣ በየጊዜው የሚጫን የደኅንነት ማሻሻያ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚንከባከበው ሰው። ያ ሰው ሲመረቅ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይመረቃል። ጊትሀብ ወይም ጊትላብ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የኮድ ማከማቻ በነፃ ይከፈታል። ጊትሀብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ኮድ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው እዚያ ገደብ አጠገብ አይደርስም። ገደቡን ከመታችሁት ዳታ እየከተታችሁ ነው ማለት ነውና እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ቁጠሩት።

መጀመር ያለባችሁ ከአንድ ኮድ ነው፤ ከአሥር አይደለም። የሚመረጠው ሁሉም ሰው የሚሠራው፣ ትንሽ፣ አሰልቺ፣ የማንንም ቴሲስ ምስጢር የማይዝ ሥራ መሆን አለበት። ለእናንተ ምርጫው ግልጽ ነው፦ የጣቢያ ዕለታዊ ዝናብ ዳታን አንብቦ የሚያጸዳ ኮድ። የጥቁር ውሃ ወንዝን ፍሰት የሚያስመስለውም፣ የሀይቁን የውሃ ሚዛን የሚያሰላውም፣ የአፈር መሸርሸር የሚያጠናውም እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ሁሉም ይህንን ኮድ ለብቻው ጽፎታል፤ የሁሉም ደግሞ እርስ በርሱ ይለያያል። ልዩነቱ ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ለማየት ሦስት ነገሮችን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው የጠፋ ቀን ነው። በብዙ ፋይሎች ያልተለካ ቀን በ-99 ወይም በ-9999 ይሞላል፤ ስዋት የተባለው የተፋሰስ ሞዴልም የጠፋን ዝናብ የሚያውቀው በ-99 ነው። 31 ቀን ባለው አንድ ወር ውስጥ 4 ቀን ቢጠፋና የቀሩት 27 ቀናት ድምር 112 ሚሊሜትር ቢሆን፣ -99ን እንደ ተራ ቁጥር የሚደምር ስክሪፕት -284 ያወጣል። ይህ ደህና ስሕተት ነው፤ ዝናብ ከዜሮ በታች እንደማይወርድ ሁሉም ስለሚያውቅ ወዲያው ይያዛል። ጉዱ ያለው «ከዜሮ በታች የሆነውን ሁሉ ዜሮ አድርገው» በምትለው አንድ መስመር ነው። ድምሩ 112 ይሆናል፣ ግራፉም ያምራል፣ ነገር ግን አራቱ ቀናት እንዳልዘነበባቸው ተቆጥረዋል። በወሩ አማካይ ሲሰላ ወደ 17 ሚሊሜትር ዝናብ ጠፍቷል። ሞዴሉ የወንዙን ፍሰት አልደርስ ሲል ተማሪው የአፈሩን ቁጥሮች እያጣመመ ያስታርቀዋል፤ ስሕተቱ እዚያ ተቀብሮ ይቀራል።

ሁለተኛው የቀኑ መጀመሪያ ነው። የዝናብ መለኪያው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሲነበብ፣ ዛሬ የተጻፈው ቁጥር ከትናንት ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሮ የወረደው ነው። ቀን በእኩለ ሌሊት ይቀየራል ካልን ከ24ቱ ሰዓት 15ቱ የትናንት ናቸው። ኢአርኤ 5ን የመሰለ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ዳታ ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥረው በግሪንዊች ነው፤ የዚያ እኩለ ሌሊት እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ሁለቱን በቀን ቁጥር ብቻ ያገናኘ ሰው ዝናቡ አልገጥምለት ሲል ዓለም አቀፉን ዳታ «እዚህ አይሠራም» ብሎ ይጽፋል፤ አንድ ቀን ቢያንሸራትተው ኖሮ ግጥምጥሞሹ ይሻሻል ነበር። በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ይጨመራል፦ በፋይሉ አናት ላይ «9፡00» ተብሎ የተጻፈውን አንዱ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ያነበዋል። ኮዱ ሰዓቱን በማን አቆጣጠር እንደሚረዳ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው ጳጉሜ ናት። በእጅ የተሞላ የድሮ መዝገብ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲሆን፣ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ስክሪፕት ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱን ቀን በየዓመቱ ከማይለወጥ ሠንጠረዥ ያነባል፤ በዚያ ሠንጠረዥ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። ለመስከረም 1 ቀን 2015 ይሠራል። 2015 ግን ጳጉሜ 6 የነበረችበት ዓመት ስለሆነ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ከዚያ ዕለት እስከ የካቲት 21 ቀን 2016፣ ማለትም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ድረስ፣ እያንዳንዱ ቀን በአንድ ይዛነፋል፤ የካቲት 22 ላይ ራሱ ይስተካከላል። በየአራት ዓመቱ ለአምስት ወር ተኩል ብቻ የሚታይ ስሕተት ስለሆነ በዓይን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ለዚህ ነው የጋራ ኮድ የሚያስፈልጋችሁ፦ አንድ ሰው አንዴ ያስተካክለዋል፣ ሌላው ከስሕተቱ ይድናል።

ኮዱን ከዳታው ለመለየት ደግሞ የሙከራ ዳታ ፍጠሩ። እውነተኛ ጣቢያ አይሁን፤ «ጣቢያ ሀ»፣ «ጣቢያ ለ»፣ «ጣቢያ ሐ» በሏቸው፣ ቁጥሮቹን ራሳችሁ አመንጯቸው። ከመስከረም 1 ቀን 2015 እስከ ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ያለው 731 ቀን ነው፤ ለሦስት ጣቢያ 2,193 መስመር ይሆናል፣ ከ100 ኪሎባይት አያልፍም። ሆን ብላችሁ ስሕተት ዝሩበት፦ አንድ ጣቢያ ላይ አራት ተከታታይ የጠፉ ቀናት፣ ሌላው ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቀን፣ ሦስተኛው ላይ ከነጭራሹ የተዘለለ ቀን፣ የሆነ ቦታ ላይ 650 ተብሎ የነጥብ ቦታ የሳተ 65.0። ከዚያ ትክክለኛውን መልስ በእጅ አስሉና በሌላ ፋይል አስቀምጡ። ይህ ትንሽ ፋይል የማኅበራችሁ ትልቁ ንብረት ይሆናል። ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍ ያወርደዋል፤ ኮዱም የሚፈተነው በእሱ ነው።

አሁን ዋናው ደንብ። አንድ ኮድ ወደ ጋራ ማከማቻው የሚገባው፣ ከጻፈው ሰው ሌላ የሆነ ሰው በራሱ ላፕቶፕ ላይ፣ ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ እየተከተለ ራን አድርጎት ያንኑ መልስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ጸሐፊው አጠገቡ ቁጭ ማለት ይችላል፣ መናገር ግን አይፈቀድለትም። ፈታኙ «እዚህ ጋ ምን ላድርግ?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር መልሱ በአፍ አይሰጥም፤ መመሪያው ፋይል ላይ ይጻፋል፣ እንደገና ይሞከራል። መጀመሪያ ላይ ያደክማል፤ ለ50 መስመር ስክሪፕት አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቢሄድ አትደነቁ። በኋላ በቴሌግራም ሊመጣ የነበረው ጥያቄ ሁሉ ግን እዚያው ያልቃል፤ «ጥያቄው እኔ ላይ ይወርዳል» የሚለው ስጋትም የሚቀንሰው በዚህ ነው።

በሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ የሚወድቁት ነገሮች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ኮዱ ፋይሉን ከሲ ድራይቭ ተነሥቶ የጸሐፊው ስም ባለበት ዴስክቶፕ ላይ ይፈልጋል፤ መፍትሔው ከኮዱ ፎልደር የሚነሣ አጭር አድራሻ ነው። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ሳይለይ የከፈተውን ፋይል ሊኑክስ «የለም» ይለዋል። ሲኤስቪው በመሐል በኤክሴል ተከፍቶ ሴቭ ተደርጎ ከሆነ ቀንና ወር ቦታ ተለዋውጠው ሊገኙ ይችላሉ፤ የጋራውን የሙከራ ፋይል በኤክሴል መክፈት ክልክል ይሁን። ከዚያ የቨርዥን ጣጣ ይመጣል። ፓንዳስ የተባለው የፓይተን ፓኬጅ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ሠንጠረዥ ላይ ረድፍ የሚጨምረውን የድሮውን አፔንድ አስወግዷል፤ በአር በኩል ደግሞ አርጂዳል፣ አርጂኦስና ማፕቱልስ የተባሉት የካርታ ፓኬጆች በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ክራን ከተባለው የአር ፓኬጆች ማከማቻ ተነሥተዋል፤ ዛሬ ቦታቸውን የያዙት ኤስኤፍና ቴራ ናቸው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ስክሪፕት በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ኢረር ቢያመጣ የጸሐፊው ጥፋት አይደለም፤ ግን የትኛው ቨርዥን እንደሚያስፈልግ የሚናገር ፋይል አብሮ መኖር አለበት። ለፓይተን የኮንዳ ኢንቫይሮንመንት ፋይል፣ ለአር የአርኤንቭ ፋይል ይበቃል።

«ያንኑ መልስ» ሲባል እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2ን ሲደምር 0.30000000000000004 ይሰጣል፤ የመደመር ቅደም ተከተል ወይም ኮምፓይለሩ ሲቀየርም የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይለወጣሉ። ለዝናብ ድምር ከሚሊዮን አንድ ልዩነት ተቀባይነት አለው በሉና ጻፉት። ዕድለ ቁጥር፣ ማለትም በዘፈቀደ የሚወጣ ቁጥር፣ የሚያመነጭ ኮድ ከሆነ የመነሻ ቁጥሩ፣ ሲድ የሚሉት፣ ተወስኖ ይጻፍ።

ጊትን፣ ማለትም በኮድ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ መማር ግዴታ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ደግነቱ ለእኛ ኮኔክሽን የተመቸ ነው፦ ማከማቻውን አንዴ ያወረደ ሰው ሙሉ ታሪኩን በላፕቶፑ ይይዛል፣ ያለ ኢንተርኔት ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን ይመዘግባል)፣ ግቢ ሲገባ ፑሽ ያደርጋል (ወደ ጋራው ማከማቻ ይልካል)። ኔትወርኩ ጭራሽ ከጠፋ ጊት ባንድል የሚባለው ትእዛዝ ሙሉውን ማከማቻ ወደ አንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ያስተላልፋል፤ ተቀባዩም ከዚያ ፋይል እንደ ተራ ማከማቻ ያወርዳል። ሦስት ጥንቃቄ አለ። በጊት ያለ ፎልደርን ጉግል ድራይቭን በመሰለ ራሱ በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ፣ ሁለቱ ሲሻሙ የጊት ፋይሎች ይበላሻሉ። ኮድና ውጤትን በአንድ ፋይል የሚይዘው የጁፒተር ኖትቡክ ከመግባቱ በፊት ውጤቶቹና ግራፎቹ ይጽዱ፤ አለዚያ አንድ መስመር የቀየረ ሰው ሺህ መስመር የቀየረ ይመስላል። ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ የይለፍ ቃል ወይም የዳታ ማውረጃ ቁልፍ በኮድ ውስጥ አይጻፍ። አንዴ ኮሚት ከተደረገ በኋላ መስመሩን መሰረዝ አያድንም፣ በታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ እንዲህ ከሆነ ቁልፉን ወዲያው መሻርና አዲስ ማውጣት ነው።

ማከማቻውን በአንድ ሰው የግል አካውንት አትክፈቱ። ጊትሀብ ላይ በድርጅት አካውንት ይከፈት፣ ቢያንስ ሁለት ባለቤት ይኑረው፤ ሁለቱ ከተለያየ ዲፓርትመንት ይሁኑ፣ በአንድ ዓመት የሚመረቁም አይሁኑ። ጊትሀብ ኮድ ከሚያስገቡ ሰዎች ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ስልክ የጠፋበት ባለቤት መግባት ያቅተዋል። ስለዚህ መጠባበቂያ ኮዶቹ ዛሬውኑ በወረቀት ታትመው በታሸገ ፖስታ ዲፓርትመንቱ ቢሮ ይቀመጡ። የሁለቱ ባለቤቶች ሥራ ኮድ መጻፍ አይደለም፤ የሁለተኛው ላፕቶፕ ደንብ መከበሩን ማየትና እምቢ ማለት ነው። ያገር ልጅ ነው ተብሎ አንድ ያልተፈተነ ፋይል ካለፈ ደንቡ እዚያው አበቃ።

በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ተገናኙ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል፤ ሃያ ሰው ከመጣ ስብሰባ ይሆናል። ቀደም ብሎ አንድ ሰው የፓይተንና የአር መጫኛዎችን ከሚያስፈልጉት ፓኬጆች ጋር በፍላሽ ያውርድ፣ ስምንት ላፕቶፕ በአንድ ዋይፋይ ላይ ኮንዳ ማውረድ ከጀመረ ጠዋቱ በሙሉ በመጠበቅ ያልቃል። ባትሪ ሞልቶ መምጣት ደንብ ይሁን። ፕሮጀክተርና ገለጻ አያስፈልግም፦ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኮድ ተለዋውጣችሁ ራን አድርጉ፣ የወደቀውን ጻፉ፣ አስተካክሉ፣ ኮሚት አድርጉ። ለጀማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለው የሶፍትዌር ካርፔንትሪ ትምህርት በነፃ ይገኛል፤ የትእዛዝ መስመር፣ ጊትና ፓይተን ወይም አር በሁለት ቀን ያስጨርሳል። ግን በትልቅ ሥልጠና አትጀምሩ። ሥልጠና ሁሉም ይወዳል፣ ሻይም ሰርተፊኬትም አለበት፤ የሚለማመዱበት የጋራ ኮድ ከሌለ ግን በሳምንቱ ይረሳል።

ቴሌግራሙን አትዝጉት፤ ሥራውን ቀይሩለት። ማስታወቂያና ጥያቄ እዚያ ይቅረብ፣ ኮድ ግን በፋይል አይላክ፣ የማከማቻው አድራሻ ብቻ ይላክ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚባሉት ስሞች የሚወለዱት ፋይል በመላክ ነው። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዳይልክ፤ ግማሹ በነጸብራቅ አይታይም፣ ጽሑፉም ኮፒ ተደርጎ አይፈለግም። የሰጠውን ትእዛዝ፣ ሙሉውን የኢረር ጽሑፍ፣ የፓይተኑን ወይም የአሩን ቨርዥን፣ በሙከራ ዳታው ላይም ያው ኢረር መምጣት አለመምጣቱን ይጻፍ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ግማሹን ችግር ትፈታለች፦ በሙከራ ዳታው ላይ ከሠራ ችግሩ ያለው የራሱ ፋይል ውስጥ ነው።

በሕግ በኩል የተለመደው አለመግባባት «ኢንተርኔት ላይ ከተለጠፈ የሁሉም ነው» የሚለው ነው። አይደለም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው ሥራ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጥ ጽሑፍ አብሮት ከሌለ ሌላው ሰው አይቶት እንጂ ተጠቅሞበት ማሰራጨት አይችልም። ለትንንሽ የጋራ ኮዶች ኤምአይቲ ወይም ቢኤስዲ የተባለውን አጭር ፈቃድ ምረጡ፤ ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ከወጣ ኮድ የተቀዳ ክፍል ካለበት ግን ጠቅላላው በጂፒኤል መውጣት አለበት። ክሪየቲቭ ኮመንስ ለጽሑፍና ለፎቶ እንጂ ለኮድ አይመከርም፣ ራሱ ድርጅቱም አይመክረውም። በቅጥር ሥራ ላይ የተሠራ ኮድ የተለየ ውል ከሌለ የአሠሪው ስለሚሆን፣ መምህራኑ ከዲፓርትመንታቸው አጭር የፈቃድ ደብዳቤ ይያዙ። የተወረሰው ፎርትራን ጸሐፊው ካልታወቀ አይለጠፍ። በውስጡ ከመጽሐፍ የተገለበጡ ንዑስ ፕሮግራሞች ካሉም እንደገና እንዳይሰራጩ የተከለከሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነሱን ላፓክ በተባለው የሒሳብ ኮድ ስብስብ መተካት ይቻላል፣ ፈቃዱ ክፍት ነው። ማትላብ የሚጠቀም ካለ፣ ያለ ፈቃድ የተሰበረ ቅጂ የጋራ ሥራ መሠረት አይሁን፤ ኮዱ ነፃ አቻው በሆነው ኦክታቭ መሥራቱ ይፈተሽ።

ሌላ ሰው ይቀድመኛል ለሚለው የሚሻለው መድኃኒት ቀድሞ በስም ማስመዝገብ ነው። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ዜኖዶ የተባለ ማኅደር ከጊትሀብ ጋር ተያይዞ ለእያንዳንዱ የኮድ ቨርዥን ቋሚ ቁጥር፣ ዲኦአይ፣ በነፃ ይሰጣል፤ ቀኑና የጸሐፊው ስም አብረው ይመዘገባሉ። ኮዱ አድጎ ቁም ነገር ያለው ሶፍትዌር ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚታተመው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ጆርናል ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ 50 መስመር ስክሪፕት ግን አይቀበልም፣ አትድከሙ።

ይህ ሁሉ የማይሠራውም ነገር አለ። ሁለተኛው ላፕቶፕ ኮዱ በሌላ ቦታ መሥራቱን ያረጋግጣል እንጂ ሳይንሱ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ለሀይቁ የተመረጠው የትነት ቀመር ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የአማካሪዎች ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። ስዋትን በመሰሉ ትልልቅ ሞዴሎች ላይ ያገኛችሁትን ስሕተት የራሳችሁን ቅጂ እየያዛችሁ አታስተካክሉ፤ ወደ ዋናዎቹ ባለቤቶች ላኩ፣ አለዚያ ቀጣዩ ቨርዥን ሲወጣ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ከተጠቃሚዎቹ አብዛኛው ምንም ሳያዋጣ ይወስዳል፤ ይህ በየትኛውም የኮድ ማኅበር ያለ ነው፣ አትቆጡበት። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ኮድ ካስገባችሁ በቂ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለሰርቨር የታሰበውን ገንዘብ አታዋጡ፤ ከተዋጣም ለሁለት ጥሩ ፍላሽና ለወረዱ ፓኬጆች ማስቀመጫ ለሚሆን አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዋል። ከ140ዎቹ አራት ሰው ምረጡ፣ በዚህ ወር የሙከራ ዳታውን ፍጠሩ፣ በሚቀጥለው ወር የዝናብ ማጽጃውን አንድ ቨርዥን በሁለተኛ ላፕቶፕ አሳልፉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለግሩፑ አሳውቁ። በስድስተኛው ወር ከአራታችሁ ውጭ ቢያንስ ሦስት ሰው ለራሱ ጥናት ካልተጠቀመበት የመረጣችሁት ኮድ ለሰዉ አስፈላጊ አልነበረም ማለት ነው፤ ማከማቻውን እንዳለ አቆዩትና በሌላ ኮድ ጀምሩ፣ የሳተላይት ዳታ መቁረጫ ወይም የወንዝ ፍሰት ክፍተት መሙያ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁ ሰርቨር ጉዳይ የሚነሣው፣ ሁለት ዙር ባለቤቶች ተረካክበው ካለፉና በክፍት ቦታ ሊቀመጥ የማይችል ነገር በእርግጥ ካጋጠማችሁ ነው። ያኔም ፎርጌጆን የመሰለ ቀላል የጊት ሰርቨር በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራል፤ አዲስ ማሽን አያስገዛም።